የወተት አሽ ምንድን ነው?

አንድ ሰው የወተት ምርመራ ውጤት ፎቶ አንስቶ «አመድ 0.72 በመቶ! አመድ እያጠጡን ነው» ሲል አየሁ። እሱስ ቃሉ አሳስቶት ነው፤ አመድ ወይም አሽ የሚባለው ወተቱ ላብራቶሪ ውስጥ ሲቃጠል የሚቀረው፣ በአብዛኛው ማዕድን የሆነው ትቢያ ነው፤ 0.72 ጤነኛ ቁጥር ነው። ያናደደኝ አዋቂ ሆኖ የመለሰለት ነው፦ «ወንድሜ፣ አሽ ማለት እኮ ካልሲየም ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ወተቱ ምርጥ ነው።» ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁት!

አምስት ግራም ወተት በክሩሲብል (እሳት በሚችል ትንሽ ጽዋ) መዝነን፣ በእንፋሎት ላይ አድርቀን፣ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ ፈርነስ (የላብራቶሪ ምድጃ) ውስጥ እናስገባለን። መጀመሪያ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ሰዓታት ቆይቶ ነጣ ያለ ትቢያ ይሆናል። የሚቀረው 35 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ጥፍር ላይ ብታስቀምጠው የሚበቃ። (ክሩሲብሉን በባዶ እጁ የሚያነሳ ሰው የጣቱንም ላብ አብሮ ይመዝናል። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ይታወቅልኝ።)

የእንጨት ቤት ተቃጠለ እንበል። እሳቱ ሲበርድ ምስማሩን፣ ማጠፊያውን፣ ቁልፉን ጠራርገህ በአንድ ጆንያ መዘንክ። አርባ ኪሎ ሆነ። ከዚህ ተነስተህ ቤቱ ስንት በር እንደነበረው ልትነግረኝ ነው? ብረቱ ራሱ በእሳቱ ዝጎ ከአየር ኦክስጅን ጨምሯል፤ የመዘንከው የቀድሞውን ምስማር አይደለም። ወተትም እንዲሁ ነው፦ ፕሮቲኑ ውስጥ የነበረው ሰልፈር ሰልፌት ሆኖ ይቀራል፤ ሲትሬቱ (የሲትሪክ አሲድ ጨው) ተቃጥሎ በቦታው ካርቦኔት ይተካል። ፈርነሱ ከ600 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ክሎራይዱ መትነን ይጀምራል፤ ጣሪያውን ሌባ ወሰደው በለው። ምሳሌዬ እዚህ ጋ ትንሽ ተንጋደደ፣ ይሁን።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። መቶ ግራም የላም ወተት 700 ሚሊግራም ያህል አሽ ይሰጣል፤ ካልሲየሙ ግን 120 ገደማ ነው። ፖታሲየም እንኳ ይበልጠዋል። ቀሪውን ፎስፈረስ፣ ክሎራይድ፣ ሶዲየም፣ ማግኒዚየምና አብሯቸው የሚመዘነው ኦክስጅን ይካፈሉታል።

«ከፍ ካለ ምርጥ ነው» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ወተት ሊኮመጥጥ ሲል ሽታውንና ጣዕሙን ለመሸፈን ሶዳ የሚጨምር ነጋዴ አሽን ከፍ ያደርጋል። ውሃ አብዝቶ ጨው የጨመረበትም ቁጥሩን መልሶ ያስተካክለዋል። ጡቷ የታመመ ላምም ሶዲየምና ክሎራይድ የበዛበት ወተት ትሰጣለች። እንግዲህ ምርጡን ምረጥልኝ።

ካልሲየም ማወቅ የፈለገ ካልሲየምን ይለካ። አመዱን በአሲድ አሟሙተን አቶሚክ አብዞርፕሽን ላይ (ካልሲየሙ ነበልባል ውስጥ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ነው) በ422.7 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ እናነበዋለን። ላንታነም (ፎስፌቱን የሚይዝልን ብረት) መጨመር ግን ግድ ነው፤ አለዚያ ፎስፌቱ ካልሲየሙን ነበልባሉ ውስጥ አንቆ ይይዘውና ውጤቱ ዝቅ ይላል። ዕቃውን በቧንቧ ውሃ አለቅልቆ የተወ ደግሞ የቧንቧውን ካልሲየም ለላሚቱ ይቆጥርላታል።

ይህም ቢሆን ጠቅላላውን እንጂ የት እንዳለ አይነግርህም። ከካልሲየሙ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከዋናው የወተት ፕሮቲን፣ ከኬሲን ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ወተቱ ሲረጋ አሲዱ ያላቅቀዋል፤ አይብ ስናወጣ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። የወተቱ አሽ ግን ሳይረጋም ከረጋም በኋላ ያው 0.7 ነው።