የዱርላኽ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ቡድን

ዱርላኽ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የምትገኝ ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ የካርልስሩሄ አንድ ክፍል ናት። ድሮ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ የባደን-ዱርላኽ መሳፍንት መቀመጫ እሷ ስትሆን ካርልስሩሄ ገና አልተቆረቆረችም። በ1689 (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ ጦር ዱርላኽን አቃጥሎ አመድ አደረጋት። በ1715 ደግሞ መስፍኑ ካርል ቪልሄልም ካርልስሩሄን ቆረቆረና መቀመጫውን ወደዚያ አዛወረ። ዱርላኽም ተረሳች። ስሟ እንደገና የተነሳው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በእሳት አደጋ ቡድኗ ነው።

በዚያ ዘመን እሳት ማጥፋት የነዋሪው ሁሉ ግዴታ ነበር። ደወል ሲደወል ሰው የቆዳ ባልዲውን ይዞ ይወጣል። ከውሃው እስከ ቃጠሎው ይሰለፍና ባልዲ ይቀባበላል። ሲያወሩት ያምራል። እሳቱ ሲነሳ ግን ግማሹ ይጯጯኻል፣ ግማሹ የራሱን ዕቃ ያሸሻል፣ ማን ማንን እንደሚያዝ አይታወቅም። ፓምፕ ያላቸው ከተሞችም ብዙ አልተሻሉም። አብዛኛው ፓምፕ ውሃውን ከላዩ ላይ ከተገጠመ አፈሙዝ፣ ከውጭ ሆኖ የሚረጭ ነበር። እሳቱ ውስጥ፣ ውሃው ደጅ።

ካርል ሜትስ የሚባል መካኒክ በ1842 ሃይደልበርግ ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ። የሱ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ እየገፋ ስለሚልክ አፈሙዙን ይዞ እስከ ፎቅ ድረስ መግባት ይቻላል። የዱርላኽ ከተማ መሐንዲስ ክርስቲያን ሄንግስት ከተማዋ ይህን ፓምፕ እንድትገዛ ገፋፋ። ተገዛም።

ችግሩ ከግዢው በኋላ መጣ። ፓምፑ ባለ ጎማ ሣጥን ነው፤ በሁለቱም በኩል ረጃጅም እጀታዎች አሉት። ወንዶች ግራና ቀኝ ቆመው ባንድ ምት ይጫኑታል፤ አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ምቱ ከተዛባ ግፊቱ ይወድቃል። ክንድ ቶሎ ስለሚዝል ተተኪ ሰው አጠገብ መኖር አለበት። ከፊት ደግሞ መሰላል የሚወጣ፣ ቱቦ የሚዘረጋ፣ አፈሙዙን የሚይዝ ያስፈልጋል። ይህን በደወል ተጠርቶ የመጣ ግርግር አይሠራውም። ስለዚህ ሄንግስት በ1846 ፈቃደኞችን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ሰጥቶ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪሠሩት ድረስ አለማመዳቸው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ነገር ፈቃደኝነቱ አልነበረም፤ ልምምዱ ነው። ፈቃደኛ ሰው ድሮም ሞልቷል።

ፈተናው ብዙም አልዘገየም። የካቲት 28 ቀን 1847 ምሽት የካርልስሩሄ የቤተ መንግሥት ቴአትር ቤት በእሳት ተያያዘ። ትርኢቱ ሊጀመር ሰው ሞልቶ ነበር። እሳቱ የተነሳው መስፍኑ ከሚቀመጥበት ሰገነት ነው፤ የጋዝ መብራቱ ጌጠኛውን ጨርቅ አቀጣጠለው። የሕንፃው ውስጥ እንጨት በመሆኑ እሳቱ ባንድ አፍታ ወደ ላይ ወጣ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። የዱርላኽ ሰዎች ፓምፓቸውን ይዘው ሲደርሱ ቴአትር ቤቱን ማትረፍ አይቻልም ነበር። ያተረፉት ጎረቤቱን ነው፤ ቃጠሎው ወደ ሌሎቹ የግቢው ሕንፃዎች እንዳይሻገር ገቱት። ትልቋ ከተማ በትንሿ ከተማ እሳት አጥፊዎች ተረዳች ማለት ነው። ካርልስሩሄ በዚያው ዓመት የራሷን ቡድን አቋቋመች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ።

የጀርመን የመጀመሪያው በጎ ፈቃደኛ ቡድን የቱ ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በሳክሶኒ ያለችው ማይሰን በ1841 ተመሳሳይ ቡድን አቋቁማለች፤ በቀን ከሄድን አሸናፊዋ እሷ ናት። የተቀረው የጀርመን ክፍል የቀዳው ግን ከዱርላኽ ነው፤ ለዚህም የቴአትር ቤቱ አደጋና የሜትስ ፓምፕ ገበያ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በ1853 ፕሎኺንገን ላይ የየከተማው ቡድኖች መጀመሪያ ሲሰበሰቡ የጠራቸው የኡልም እሳት አደጋ ቡድን መሪ ኮንራድ ዲትሪች ማጊሩስ ነበር። በስሙ የተጠራው ኩባንያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አይቬኮን ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል፤ ያ በየመንገዳችን የምናየው አይቬኮ።

1938 ለዱርላኽ ድርብ ኪሳራ ነበር። ከተማዋ ወደ ካርልስሩሄ ተጠቃለለች። የናዚ መንግሥት ደግሞ በአገሪቱ ያሉ የእሳት አደጋ ማኅበራትን በሕግ አፍርሶ ቡድኖቹን በፖሊስ ሥር አስገባ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ወደ ከተሞቻቸው ተመለሱ።

ዛሬ ጀርመን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው በፈቃዱ እሳት ያጠፋል። ደመወዝተኛ ቡድን በአብዛኛው ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ 112 ሲደወል መልእክቱ ፈቃደኛው ኪስ ውስጥ ያለው መሣሪያ ላይ ይጮኻል፤ ሥራ ላይም ቢሆን ጥሎ ይሄዳል። አሠሪው ሊከለክለው አይችልም፣ የሰዓቱንም ይከፍለዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ለአሠሪው ይተካል። ካርልስሩሄ ባለደመወዝ የእሳት አደጋ መከላከያ አላት፤ የዱርላኽ ፈቃደኞችም ከጎኑ ሆነው እስከ ዛሬ ይሠራሉ።