ሜትፎርሚን እና ክኒን አብረው ሲታዘዙ፤ ስለ ፒሲኦኤስ ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት ወጣት የታጠፈ ማዘዣ በፋርማሲው መስኮት አቀበለችኝ። ሜትፎርሚን እና የእርግዝና መከላከያ ክኒን ይላል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ እኮ ስኳር የለብኝም። አላገባሁም። ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። አልተሳሳተም። ፒሲኦኤስ የተባለው የሴቶች የሆርሞን መዛባት ስላለባት ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በየጊዜው እሰማለሁ።

«ሜትፎርሚን የስኳር በሽተኛ መድኃኒት ነው»

ለስኳር መታዘዙ ልክ ነው። ግን ፒሲኦኤስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም። ቆሽት ይህን ለማካካስ ኢንሱሊን ያበዛል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን (እንቁላል የሚያመርተውን አካል) ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋፋዋል። የወር አበባ መዛባት፣ ብጉር፣ አገጭ ላይ የሚወጣ ፀጉር ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። ሜትፎርሚን የሚያግዘው ኢንሱሊኑ ላይ ነው። ሆድ ግን ይረብሻል። ለዚህ ነው በ500 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ከምግብ ጋር፣ ቀስ እያለ የሚጨመረው። በመጀመሪያው ሳምንት «ሆዴን በጠበጠኝ» ብለው የሚተዉት ያሳዝኑኛል፤ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቢታገሡት ይለቃቸው ነበር።

«ክኒን ማህፀን ያደርቃል»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እውነታው ተቃራኒው ነው። የወር አበባ ለብዙ ወራት ሲቀር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሳይወርድ እየወፈረ ይሄዳል። ይህ ዓመታት ሲቆይ ለማህፀን ካንሰር ያጋልጣል። ክኒኑ ሽፋኑ እንዳይወፍር ይጠብቃል። በደም ውስጥ የሚዞረውን ቴስቶስትሮንም ይቀንሳል። መካንነት አያመጣም፤ ስታቆም እንደገና እንቁላል መልቀቅ ትችያለሽ። ለሁሉም ሴት ግን አይሆንም። ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ የደም ግፊት ካለብሽ፣ ከራስ ምታትሽ በፊት ብልጭታ የምታዪ ከሆነ፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆነሽ የምታጨሺ ከሆነ ሳትጀምሪ ለሐኪምሽ ንገሪ።

«ሁለቱ አብረው ከተወሰዱ ይጋጫሉ»

አይጋጩም። ግን ሁለቱም ለሁሉም ያስፈልጋሉ ማለት አይደለም። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ እንደሚለው ሁለቱን ማጣመር ይበልጥ የሚጠቅመው ውፍረት ላለባቸው ወይም ለስኳር ተጋላጭ ለሆኑ ሴቶች ነው። ለሌሎቹ አንዱ ሊበቃ ይችላል። የጓደኛሽን ማዘዣ አይተሽ አትጀምሪ።

«በወሩ ፊቴ ይጸዳል»

ፀጉር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ለውጡን ለማየት ቢያንስ 6 ወር ያስፈልጋል። ካልበቃ ሐኪም ስፓይሮኖላክቶን የተባለ የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። እሱ ግን ወንድ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ አስተማማኝ መከላከያ አይወሰድም።

«ሜትፎርሚን እየወሰድኩ አላረግዝም»

ልታረግዢ ትችያለሽ! ሜትፎርሚን እንቁላል መልቀቅን ሊመልስ ይችላል፤ የወር አበባሽ ተዛብቶ የቆየ ቢሆንም እንኳ። ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ክኒኑ ይቆምና ሌላ ሕክምና ይጀመራል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመረጠው ሌትሮዞል የተባለው እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያግዝ መድኃኒት ነው፤ ለ5 ቀን ይወሰዳል።

ለዚያች ወጣት በሁለቱ ካርቶኖች ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላት። በአንዱ «ከራት ጋር»፣ በሌላው «ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት»። አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።