ሌካኔማብ፦ አንድ የአልዛይመር መድኃኒት በሰው ላይ የተፈተነበት መንገድ

ሌካኔማብ የአልዛይመር በሽታ ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ የበሽታውን ግስጋሴ ለማዘግየት የተሠራ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል ነው። መድኃኒቱን ያገኘው የስዊድኑ ኩባንያ ባዮአርክቲክ ሲሆን፣ ሙከራውን የመራው የጃፓኑ ኤይሳይ ከአሜሪካው ባዮጅን ጋር በመተባበር ነው። ለሙሉ ፈቃድ ያበቃው «ክላሪቲ ኤዲ» የተባለ የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ በ2019 ተጀምሮ ውጤቱ በዝርዝር የቀረበው በኖቬምበር 2022 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐሳቡ መነሻ አልዛይመር በዘር የሚተላለፍበት አንድ የሰሜን ስዊድን ቤተሰብ ነበር። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲው ላርስ ላንፌልትና ባልደረቦቻቸው በ2001 እንዳስታወቁት፣ በዚህ ቤተሰብ አባላት ላይ የታየው የዘረ መል ለውጥ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን ገና ሳይረጋ፣ በፈሳሽ ውስጥ እንደሟሟ ጥቃቅን ክር እየሠራ እንዲበዛ ያደርጋል። በሽታው በስማቸው የተጠራው ጀርመናዊ ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ከሞተች አንዲት ሕመምተኛቸው አንጎል ውስጥ ያዩት ጠጣር የአሚሎይድ ክምችት የሂደቱ መጨረሻ እንጂ ዋናው ጎጂ ላይሆን እንደሚችል፣ ነርቭን ይበልጥ የሚመርዘውም ከዚያ ቀድሞ የሚፈጠረው ክር ሊሆን እንደሚችል የተገመተው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ሌካኔማብ አጥብቆ የሚይዘው እነዚህን ክሮች ነው።

ከዚህ በፊት በሐኪሞች እጅ የነበሩት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶኔፔዚልና በ2003 የተፈቀደው ሜማንቲን፣ ምልክቱን ለጊዜው ያቃልላሉ እንጂ በሽታውን አያዘገዩም። አሚሎይድን ለማጥፋት የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ፍሬ አላፈሩም። በ2002 አንድ የክትባት ሙከራ በተከታቢዎች ላይ የአንጎል ብግነት በመታየቱ ተቋረጠ፤ አሚሎይድን የሚያነጣጥሩ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት፣ ባፒኑዙማብ በ2012፣ ሶላኔዙማብ በ2016 በሙከራ ወደቁ። የሌላው ተመሳሳይ መድኃኒት የአዱካኑማብ ታሪክ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሙከራዎቹ በ2019 ውጤት አያመጡም ተብለው ከቆሙ በኋላ፣ አምራቹ መረጃውን እንደገና መርምሮ አንደኛው ሙከራ ተሳክቷል አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎቹ ባይደግፉትም በጁን 2021 ፈቃድ ሰጠው፤ ከአማካሪዎቹ ሦስቱ በዚህ ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ አምራቹ መድኃኒቱን እንደሚተው አስታወቀ። ክላሪቲ ኤዲ እጅግ በጥንቃቄ የተመረመረው ይህ ጥርጣሬ ገና ሳይበርድ ውጤቱ ስለመጣ ነው።

ለሙከራው 5,967 ሰዎች ተመርምረው 1,795ቱ ብቻ ተመረጡ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 ሆኖ ሕመማቸው መለስተኛ መሆን ነበረበት፤ በአንጎላቸው አሚሎይድ መኖሩም ፔት በተባለ የአንጎል ምስል ምርመራ ወይም ከወገብ በመርፌ በሚቀዳ ፈሳሽ መረጋገጥ ነበረበት። የቀደሙት ሙከራዎች አንዱ ድክመት አልዛይመር የሌለባቸውን ሰዎች ጭምር ማስገባታቸው ስለነበር፣ ይህ መስፈርት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በኪሎ ክብደታቸው 10 ሚሊግራም ሌካኔማብ፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ በየሁለት ሳምንቱ ለ18 ወራት ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሕመምተኛውም ሆነ መርማሪው አያውቅም ነበር።

የሙከራው ዋና ውጤት የተለካው በደም ምርመራ ወይም በራጅ ሳይሆን በቃለ መጠይቅ ነው። መለኪያው ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፤ እነሱም የማስታወስ ችሎታ፣ ጊዜንና ቦታን መለየት፣ ማመዛዘን፣ ማኅበራዊ ኑሮ፣ የቤት ውስጥ ሥራና ራስን መንከባከብ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 18 የሚደርስ ሲሆን ነጥቡ በጨመረ ቁጥር ሁኔታው ብሷል ማለት ነው። መርማሪው አስቀድሞ የሚያነጋግረው የሕመምተኛውን አስታማሚ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ነው። በቅርቡ በቤታቸው የሆነ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የሠርግ ጥሪ ወይም ጉዞ፣ በዝርዝር እንዲነግረው ይጠይቃል። ከዚያ ሕመምተኛውን ለብቻው አስቀምጦ ያንኑ ጉዳይ ያስተርከዋል፤ የሁለቱን ቃል ያመሳክራል። ወደማያውቁት ከተማ ቢሄዱ እዚያ የሚኖር ወዳጅዎን እንዴት ያገኙታል የሚል ጥያቄም አለ። ስለዚህ አስታማሚ የሌለው ሰው በእንዲህ ያለ ሙከራ ሊሳተፍ አይችልም፤ ብቻቸውን የሚኖሩና አስታማሚ የሌላቸው አረጋውያን ከጥናቱ ውጭ የሚቀሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱም ቡድኖች ሲጀምሩ አማካይ ነጥባቸው 3.2 ገደማ ነበር። ከ18 ወራት በኋላ ሌካኔማብ የወሰዱት በ1.21፣ ያልወሰዱት በ1.66 ነጥብ አሽቆለቆሉ። ልዩነቱ 0.45 ነጥብ ወይም 27 በመቶ ነው፤ ወደ ጊዜ ሲመነዘር አምስት ወር ገደማ እንደ ማትረፍ ነው። የአንጎል ምስሎቹ አሚሎይዱ በእጅጉ መቀነሱን ስላሳዩ መድኃኒቱ ሥራውን መሥራቱ አላጠያየቀም። ያጠያየቀው ያ ሥራ ለሕመምተኛው ምን ፈየደ የሚለው ነው። በመለኪያው ላይ ለአንድ ሰው ሊመዘገብ የሚችለው ትንሹ ለውጥ 0.5 ነጥብ ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ቤተሰብና ሐኪም ልብ የሚሉት አይደለም ያሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። የመድኃኒቱ ደጋፊዎች በበኩላቸው አንድ እናት የልጆቿን ስም ለይታ የምታውቅበት አምስት ወር ተጨማሪ ጊዜ በቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብቻ ሊናቅ አይገባም ይላሉ። ሁለቱም ክርክሮች ሚዛን የሚደፉ ናቸው፤ የ18 ወር ሙከራ ብቻውን ግን ሊዳኛቸው አይችልም።

ጉዳቱም አብሮ መነገር አለበት። መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶው ላይ በኤም አር አይ የአንጎል እብጠት ታይቷል፤ ካልወሰዱት 1.7 በመቶው ላይ ነበር። ጥቃቅን የደም መፍሰስን የሚጨምረው ሌላው ዓይነት ለውጥ ደግሞ 17.3 እና 9 በመቶ ነበር። አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ቢያልፍም፣ አፖ ኢ 4 የተባለውን ዘረ መል ከእናትም ከአባትም የወረሱት ላይ እብጠቱ ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ ታይቷል። ከዋናው ሙከራ በኋላ በቀጠለው ክትትል፣ የደም መርጋትን የሚከላከል ወይም የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በወሰዱ ተሳታፊዎች ላይ በአንጎል ደም መፍሰስ ሞት ደርሷል።

አሜሪካ በጁላይ 2023 ሙሉ ፈቃድ ሰጠች፤ ዋጋውም በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በጁላይ 2024 ፈቃድ እንዳይሰጠው ከመከረ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ያንን ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱትን ለይቶ በማስቀረት ሐሳቡን ቀየረ። በእንግሊዝ መድኃኒቱ በኦገስት 2024 ፈቃድ ባገኘበት ዕለት፣ የሕክምና ወጪን የሚመዝነው ተቋም ጥቅሙ ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም የሚል ረቂቅ ውሳኔ አወጣ።

በአሜሪካ ከነበሩት የሙከራው ተሳታፊዎች መካከል ጥቁሮች ከ5 በመቶ በታች ነበሩ። ይህ በዚያ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አረጋውያንም ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ምርመራ በሚገባ በሚናገሩት ቋንቋ መካሄድ ስላለበት፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ወላጆችን ለማሳተፍ መጠይቁ በአማርኛ ተዘጋጅቶ የተረጋገጠ መሆን ይኖርበታል። ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ቢቀመጥ አስተርጓሚውም መስካሪውም እሱው ይሆንና የሁለቱን ቃል ማመሳከር ትርጉም ያጣል።

አሁን በመካሄድ ላይ ያለው «አሄድ» የተሰኘ ሙከራ ሌካኔማብን በአንጎላቸው አሚሎይድ እያለ ምንም የመርሳት ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ ይፈትናል። በ2020 የተጀመረ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ለአራት ዓመት ያህል ይታከማል።