ችግኝ ማጠንከር ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ሠላሳ የሚሆኑ የቲማቲም ችግኞችን ከዳስ ሥር አውጥቼ በቀጥታ ጓሮ ተከልኩ። ለምለም ነበሩ፤ ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን ቅጠላቸው ነጣ፤ ከዚያም እንደ ወረቀት ደረቀ። ዘሩን ጠረጠርኩ፣ አፈሩንም ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ግን የሁለቱም አልነበረም። ሳላጠነክራቸው ነው የተከልኳቸው።

ማጠንከር ማለት በጥላና በብዙ ውሃ ያደገን ችግኝ፣ ከፈላበት መደብ ተነቅሎ ከመተከሉ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ ፀሐይ፣ ነፋስና ትንሽ ጥማት ማለማመድ ነው። ማዳበሪያም መድኃኒትም አይፈልግም። ሳንቲም አያስወጣም።

ለምን ያስፈልጋል? ጥላ ሥር ያደገ ቅጠል ስስ ነው። ውሃው በቶሎ እንዳይተን የሚከላከለው ሰም መሰል ሽፋኑ ገና አልወፈረም። ግንዱ ነፋስ ስላልነካው ቀጥኖ ይረዝማል። ሥሩም በየቀኑ ከላይ ውሃ ስለሚያገኝ ወደ ታች አይወርድም። በዚህ ላይ ችግኙ ሲነቀል ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይበጠሳሉ። ውሃ የሚስቡት ደግሞ በዋናነት እነሱ ናቸው። ቅጠሉ ውሃ እያጣ፣ ሥሩ መተካት ያቅተዋል ማለት ነው።

በእኛ ደጋ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ ቀላል ይመስላል፤ ቅጠል ላይ ግን ኃይለኛ ነው። የበልግ ዝናብም አይታመንም። ዛሬ ይዘንብና ቀጥሎ ለቀናት ጠራራ ይሆናል። «ዝናቡ ገብቷል፣ ይይዝልኛል» ብሎ ያልጠነከረ ችግኝ መትከል እኔን ያስከፈለኝን ያስከፍላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዳሱን ሳር ከፊሉን አንሱለት፤ ወይም እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ፀሐይ እንዲያገኝ አድርጋችሁ መልሳችሁ ሸፍኑት። በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት ጨምሩ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቀንም ሌሊትም ገላልጣችሁ ተዉት። በሃይላንድ ቂጥ ወይም በእርጎ ኩባያ በረንዳ ላይ ለምታሳድጉ ሥራው ይቀላል፤ ማውጣትና ማስገባት ብቻ ነው።

ውሃውንም ቀንሱ። በየቀኑ የምታጠጡ ከሆነ በሁለት ቀን አንዴ አድርጉት። እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ጠውልጎ ማታ ከተነሣ ደህና ነው። እስከ ጠዋት ካልተነሣ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አጠጡት። በዚህ ጊዜ ዩሪያ ማዳበሪያ አትጨምሩ፤ ለጋ ቅጠል ያበዛል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ሁሉም ግን እኩል አይችልም። ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ጠንካሮች ናቸው። ቲማቲምና ቃሪያ ላይ እጃችሁን አለስልሱ፤ ከመጠን በላይ ከተጠሙ እድገታቸው ቆሞ ከተተከሉም በኋላ ቶሎ አይነሡም። ካሮት እዚያው በሚያድግበት ቦታ ስለሚዘራ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችንም ቃሪያ ሲያበቅሉ ይኸው ጉዳይ ይገጥማቸዋል። እዚያ ዘሩ የሚፈላው ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር ነው። የሚለማመደውም ፀሐይና ነፋስ ብቻ አይደለም፤ ቅዝቃዜም አለ። ቃሪያ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚወርድበትን ሌሊት አይወድም። ስለዚህ ቀን አውጥቶ ማታ ማስገባት ግድ ነው።

የመትከያው ቀን ሲደርስ፣ ከመንቀላችሁ በፊት ባለው ምሽት መደቡን በደንብ አጠጡት፤ ሥሩ አፈር ይዞ እንዲወጣ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ሰማዩ ሲዳምን ትከሉ።

መጠንከሩን በምን ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ወፈር ይላል። የቲማቲሙ ግንድ ከሥሩ አካባቢ ወደ ሐምራዊ ይመታል። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ጎንበስ ስታደርጉት ጎብጦ አይቀርም፤ ስትለቁት ቀና ይላል።