ገርል ግሩፕ ምንድን ነው? «ተበተነ» ሲባልስ የተበተነው ምኑ ነው?

ስለ ሴቶች የፖፕ ቡድኖች አነሣሥና መበተን በተወራ ቁጥር የምሰማው ማብራሪያ አንድ ነው፤ «ሴቶች ናቸው፣ ተቀናኑ፣ ተለያዩ»። በቅርቡ በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረቡ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለሴት ዘፋኞች አልሠራም» ብለው ደመደሙ። ባሕር ዳር ውስጥ ወጣት ድምፃውያንን የማሠለጥንና ዜማ የማቀናብር ሰው እንደመሆኔ ይህን አነጋገር በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ስሕተቱ የሚጀምረው ስለ መበተን ከሚነገረው ነገር ሳይሆን፣ ገርል ግሩፕ በምን መልክ እንደሚቋቋምና የማን ንብረት እንደሆነ ካለመረዳት ነው።

ገርል ግሩፕ ሴቶች ብቻ የሆኑ ድምፃውያን እየዘፈኑና እየጨፈሩ በአንድ ስም መድረክ ላይ የሚወጡበት ስብስብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጋው አመሠራረቱ ነው። እንደ ሮሐና ዋልያስ ያሉት ባንዶች መሣሪያ ተጫዋቾች ተፈላልገው፣ በየሆቴሉ አብረው ሠርተው የቆሙ ናቸው። በገርል ግሩፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙን የሚያወጣው፣ አባላቱን ፈትኖ የሚመርጠው፣ ግጥምና ዜማ የሚያሠራው፣ አልባሳቱን የሚወስነው ማናጀሩ ወይም ኩባንያው ነው። ለምሳሌ የእንግሊዝ ቡድን የሆኑት ስፓይስ ገርልስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው) በጋዜጣ ማስታወቂያ በተጠሩ ወጣቶች መካከል ተመርጠው የተሰባሰቡ ናቸው፤ ማስታወቂያውን ያወጡትም አባትና ልጅ የሆኑ ሁለት ማናጀሮች ነበሩ።

በጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ታንኳን ማሰብ ይበቃዋል። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ እየተጠቀለለ ይታሰራል፤ ታንኳ የሚያደርገው እስሩ ነው፣ አሣሪውና ባለቤቱ ደግሞ ደንገሉ አይደለም። ውኃ ላይ በቆየ መጠን እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፀሐይ እንዲመታው ይደረጋል። ባለቤቱ ሳያደርቅ እንጨት እየጫነ በላይ በላዩ ከደሴት ወደ ከተማ ካመላለሰው ከጊዜው በፊት ይበሰብሳል። አንዱ ደንገል ሲላላ በሌላ ተተክቶ ጉዞው ሊቀጥል ይችላል፤ ሁሉም ሲያረጅ ደግሞ ያው ሰው በአዲስ ደንገል ሌላ ያስራል። ታንኳው ሲበሰብስ «ደንገሎቹ ተጣሉ» የሚል ሰው ግን በሐይቁ ዙሪያ አልገጠመኝም።

በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ የተነሣው የሴቶች ቡድን የሱፕሪምስ ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በ1967 ፍሎረንስ ባላርድ ወጥታ ሲንዲ በርድሶንግ ተተካች፤ በዚያው ዓመት የቡድኑ ስም ተለውጦ የዳያና ሮስ ስም ከፊት እንዲቀድም ተደረገ፤ በጥር 1970 ዳያና ሮስ ራሷ ወጣች፤ ሱፕሪምስ የሚለው ስም ግን በሌሎች ድምፃውያን እስከ 1977 ድረስ ቀጠለ። በእንግሊዝ ሹገቤብስ የተባለው ቡድን ከዚህም አልፎ ሄዷል። ከመሥራቾቹ ሦስት ሴቶች የመጨረሻዋ በ2009 ስትወጣ ስሙ አንዲትም መሥራች በሌለበት ቡድን ላይ ቀረ፤ መሥራቾቹ እንደገና ተገናኝተው በ2012 ሲነሡ በየግል ስማቸው ለመጠራት ተገደዱ፤ ሹገቤብስ የሚለውን ስም መልሰው የያዙት ከዓመታት በኋላ ነው። ታዲያ ይህ ቡድን የተበተነው መቼ ነው ሊባል ነው? አስተያየት ሰጪው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጡ የሚችሉት የሰዎቹን ጠብና የስሙን ባለቤትነት ለይተው ካዩ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰው ደንገል አይደለም፤ ምሳሌው እዚህ ላይ ይቆማል። ስፓይስ ገርልስ የሰበሰቧቸውን ማናጀሮች በ1995 ውል ሳይፈርሙ ጥለው ወጥተው ሌላ ማናጀር መርጠዋል፤ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው በ1996 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጌሪ ሃሊዌል በግንቦት 1998 ስትወጣ «አለቀላቸው» ተባለ፤ የቀሩት አራቱ ግን የአሜሪካውን ጉዞ ፈጽመው፣ በ2000 ሦስተኛ አልበም አውጥተው ነው በየፊናቸው የሄዱት። የአንዲት አባል መውጣትና የቡድን መበተን በሁለት ዓመት ተኩል የተራራቁ ሁነቶች ሆነው ሳለ አንድ አድርጎ መተረክ ትክክል አይደለም።

የውሉን ጉዳይ በግልጽ የምታሳየው ደቡብ ኮሪያ ናት። በዚያ አገር የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን በ2009 ያወጣው የአርቲስቶች መደበኛ ውል የጊዜ ገደቡን በሰባት ዓመት ወስኖታል። ቱኤኒዋንና ፎርሚኒት የተባሉት ገርል ግሩፖች በ2009 ጀምረው በ2016 ተበተኑ፤ ሲስታር በ2010 ጀምሮ በ2017 አበቃ። ቅናት በሰባተኛው ዓመት ቀጠሮ ይዞ አይመጣም፤ ቀጠሮ ያለው ውል ነው። በዚያው በ2009 በ13 ዓመት ውል ታስረናል ብለው ኩባንያቸውን የከሰሱት የቲቪኤክስኪው ሦስት አባላት ደግሞ ወንዶች ነበሩ፤ ስለ እነርሱ «ወንዶች አብረው መሥራት አይችሉም» ሲባል አልሰማሁም። ብላክፒንክ የተባለው ገርል ግሩፕ አራት አባላት በ2023 መጨረሻ ለቡድኑ ሥራ ብቻ ውላቸውን አድሰው የግል ሥራቸውን ወደየራሳቸው ሲወስዱ፣ መለያየትና መበተን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በፊርማ አሳይተዋል።

ከእኛም አገር ምሳሌ አለ። በ2013 የተጀመረውና በአማራ ክልል በሬዲዮ ድራማው ጭምር የታወቀው የሙዚቃ ቡድን «የኛ»፣ በአምስት ወጣት ሴቶች የቆመ ነበር። በጥር 2017 የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠውን ገንዘብ ያቋረጠው በአገሩ ጋዜጣ ድጋፉን በመቃወም በተካሄደ ዘመቻ ማግስት ነው። በሴቶቹ መካከል ስለተነሣ ጠብ አንድም ነገር ባልሰማሁበት፣ የገንዘብ ምንጭ ሲዘጋ የደረሰውን ሁሉ ወደ ሴቶች ጠባይ ማዞር የተሠራውን ሥራ መበደል ነው።

ጠብ የለም አላልኩም። ጠቡ ብዙ ጊዜ ከየት እንደሚነሣ ግን በቅርብ አይቻለሁ። የማሠለጥናቸው ሦስት ወጣቶች ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንዲዘፍኑ ተጠርተው ሲሄዱ በሩ ላይ የተለጠፈው ፖስተር የአንዷን ፎቶ ብቻ የያዘ ነበር። ሁለቱ የድምፅ ማጉያ የተሰጣቸው ለሁለት አንድ ሆኖ፣ ከመሪዋ ኋላ እንዲቆሙ ተነገራቸው። ቅር መሰኘታቸውን ሲናገሩ አዘጋጁ መልሶ «አየህ፣ ቅናት ጀመራቸው» አለኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይህ ነው።

ከሙያዬ አንጻር መጨመር ያለብኝ ነገር አለ። በአማርኛ ዘፈን ተቀባዮች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ዜማ በአንድነት ነው የሚሉት፤ በአምስት ድምፅ በተዋቀረ ቅኝት ላይ በየሦስተኛው ድምፅ ልደርብ ያለ ሰው ብዙም ሳይቆይ ከቅኝቱ ይወጣልና። በዚህ ምክንያት ተቀባይን መተካት ቀላል መስሎ ይታያል፤ አዘጋጆችም ይህን ስለሚያውቁ «አንቺ ባትኖሪ ሌላ አለች» ለማለት ይደፍራሉ። ሦስት ጉሮሮዎች እስትንፋስ የሚወስዱበትን ቦታ እስኪያስማሙ ግን የወራት ልምምድ ይጠይቃል፤ አንዷ ስትተካም ሥራው ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ይጀመራል። ሌላው ገንዘብ ነው። በብዙ አገር ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ለግጥምና ለዜማ ደራሲው የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ ስሟ በደራሲነት የገባ አባልና ዘፍና ብቻ የወጣች አባል በአንድ መድረክ ቆመው ገቢያቸው አይገናኝም። ጋዜጦች «ጠብ» ብለው ከሚጽፉት ውስጥ ጥቂት የማይባለው ይህ ልዩነት ነው።

ለሦስቱ ወጣቶችም ሆነ ለወላጆቻቸው የምነግራቸው ከዚህ የመነጨ ነው። በእኛ ሕግ የከዋኝነት መብት፣ ማለትም ዘፍኖ ወይም ተጫውቶ ያቀረበ ሰው መብት፣ የሚታየው በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው ሲሆን፣ የቡድኑ ስም ግን ወደ ንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይሄዳል (የአዋጆቹ ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ስሙ በሦስቱም ስም ይመዝገብ፤ ደራሲ ማን እንደሆነ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ፤ አንዷ ለመውጣት ብትፈልግ ምን ይዛ እንደምትወጣ፣ የቀሩት ሁለቱም በዚያው ስም መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ገና ተስማምተው ሳሉ በወረቀት ላይ ይስፈር።