የላብ ዕጢ ካንሰርና የሞስ ቀዶ ሕክምና

ማይክሮሲስቲክ አድኔክሳል ካርሲኖማ ከላብ ቱቦዎች የሚነሳ ብርቅ የቆዳ ካንሰር ነው። የፀጉር ሥርም ድርሻ አለበት የሚሉ አሉ። ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ ስም የወጣለት በ1982 እ.ኤ.አ. ነው።

የሚወጣው ባብዛኛው ፊት ላይ ነው፤ በተለይ ላይኛው ከንፈር፣ አገጭና አፍንጫ አካባቢ። ጠንከር ያለ ጠባሳ ይመስላል፣ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፣ ሰውም ምንም አይደለም ብሎ ይተወዋል። ሐኪምም ናሙናውን ከላይ ከላይ ብቻ ከወሰደ ጉዳት ከሌለው እባጭ ጋር ሊያምታታው ይችላል። ቦታው ከደነዘዘ ወይም ከነዘረ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ይሆናልና መታየት አለበት። ወደ ሌላ አካል እምብዛም አይዛመትም። ክፋቱ ከቆዳ ሥር ነው፦ ዓይን ከሚያየው ድንበር አልፎ፣ ነርቭ ተከትሎ ርቆ ይሄዳል።

ለዚህ ነው የአሜሪካዊውን ቀዶ ሐኪም የፍሬደሪክ ሞስን ሥራ በደንብ ማወቅ የሚያስፈልገው። ሞስ በ1930ዎቹ ማዲሰን በሚገኘው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር። ዚንክ ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ሥጋን ሲገድል ቅርፁን እንደማያበላሽ ያስተዋለው ያኔ ነው። ከዚህ ተነስቶ ካንሰሩን ይህ ኬሚካል ባለበት ቅባት ያደርቃል፣ ስስ ሽፋን ይቆርጣል፣ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ካንሰር የቀረበት ቦታ ላይ ብቻ ደግሞ ይቀባል። ያምማል፣ ቀናትም ይፈጃል፤ ግን ይሠራል። በ1941 ውጤቱን አሳተመ። በ1953 የዐይን ቆብ ካንሰር ሲያክም ለማስተማሪያ ፊልም እየተቀረፀ ነበርና ጊዜ ለመቆጠብ ቅባቱን ትቶ ትኩሱን ሥጋ አቀዝቅዞ መረመረ። በ1970ዎቹ የቆዳ ሐኪሞቹ ትሮሞቪችና ስቴግማን ይህንኑ መንገድ አስፋፉት።

ዛሬ ታማሚው በማደንዘዣ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቦታውን በመርፌ ብቻ ያደነዝዙታል። ሐኪሙ ቢላዋውን አጋድሞ ሥጋውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያወጣዋል። አንዱ ጠርዝ ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ ይቀባል፤ ካርታም ይሳልለታል። በተለመደው ምርመራ ሥጋው እንደ ዳቦ ተቆራርጦ የሚታየው ጥቂቱ ቁራጭ ነው። እዚህ ግን ዙሪያውና ሥሩ በሙሉ ይታያል። ካርታው ላይ ካንሰር የቀረበት ጥግ ከተገኘ፣ ቁስሉ ተሸፍኖለት ሲጠብቅ የቆየው ታማሚ ተመልሶ ይገባል፤ የሚቆረጠውም ያ ጥግ ብቻ ነው።

ታማሚዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ሰፊ ንጽጽር ማድረግ ይከብዳል፤ ቢሆንም ለዚህ ካንሰር ከሁሉ ቀድሞ የሚመረጠው ይህ ዘዴ ነው። ከዓመታት በኋላም እዚያው ቦታ ሊመለስ ስለሚችል፣ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ክትትሉ አይቋረጥም።