ሺጆ፦ የኮሪያ ባለ ሦስት ስንኝ ግጥምና አጻጻፉ

ሺጆ የኮሪያ ባህላዊ አጭር ግጥም ነው። ሦስት ስንኝ ብቻ አለው። እያንዳንዱ ስንኝ ከ14 እስከ 16 ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፍል) ይይዛል፤ ሲደመር 45 ቀለም ገደማ ይመጣል። ቤት አይመታም። የጃፓኑ አጭር ግጥም ሃይኩ በዓለም ሁሉ ሲታወቅ ሺጆ በጥላው ሥር መቅረቱ ያሳዝናል። ምክንያቱም ሺጆ ታሪክ ለመናገር፣ ለመከራከርና ለማፍቀር የሚበቃ ቦታ አለው።

እያንዳንዱ ስንኝ በአራት ሐረግ ይከፈላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች የሐረጎቹ ልክ 3፣ 4፣ 3 ወይም 4፣ ከዚያ 4 ነው። አንድ ቀለም ቢተርፍ ወይም ቢጎድል ችግር የለም። ሦስተኛው ስንኝ ግን ጠበቅ ይላል። የመጀመሪያው ሐረግ ሁልጊዜ 3 ቀለም ነው። ሁለተኛው 5 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ቀጥሎ 4 እና 3 ገደማ ይመጣል።

የሺጆ ነፍስ ያለችው እዚያች ባለ 3 ቀለም ሐረግ ላይ ነው። አንደኛው ስንኝ ነገሩን ያነሳል፣ ሁለተኛው ያሰፋዋል። ሦስተኛው ሲጀምር ሐሳቡ ድንገት ይታጠፋል፣ ከዚያ ይቋጫል። ብዙ ጀማሪ ቀለም ሲቆጥር ይውልና መታጠፊያውን ይረሳል። እንዲህ ያለው ግጥም ልኩ ቢሟላም ሺጆ አይባልም።

ግጥሙ በጎርዮ ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ መልክ እንደያዘ በብዙዎች ይታመናል። ሀንጉል የተባለው የኮሪያ ፊደል የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1443 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሺጆዎች ለረጅም ጊዜ በቃል ነው የተላለፉት። ስለዚህ አንዳንዱ ግጥም በእርግጥ ገጣሚው ነው የተባለው ሰው ሥራ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል።

ከሁሉ የታወቀው ታሪክ የ1392ቱ ነው። ጎርዮ ሊወድቅ ጫፍ ላይ ነበር። ዪ ባንግ ዎን፣ የአዲሱ ሥርወ መንግሥት መሥራች ልጅ፣ ጆንግ ሞንግ ጁ የተባለውን ታማኝ ባለሥልጣን ወደ ወገኑ ለመሳብ በግጥም ጠየቀው ይባላል። እንዲህ ቢሆን እንዲያ ቢሆን ምን አለበት፣ በተራራ ላይ እንዳሉ ሐረጎች ተጠላልፈን መቶ ዓመት እንኑር አለው። ጆንግም በሺጆ መለሰ። መቶ ጊዜ ደጋግሜ ብሞት፣ አጥንቴ አፈር ቢሆን፣ ነፍሴ ብትኖር ባትኖር፣ ለጌታዬ ያለኝ ልብ አይለወጥም አለ። ብዙም ሳይቆይ ኬሶንግ ከተማ ውስጥ ተገደለ። ገዳዮቹን የላከው ዪ ባንግ ዎን በኋላ ንጉሥ ሆነ። የኮሪያ ተማሪዎች ግን እስከ ዛሬ የሁለቱንም ግጥም አንድ ላይ ይማራሉ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ህዋንግ ጂኒ መጣች። ግጥምና ሙዚቃ የተማረች የኬሶንግ አዝማሪ ነበረች። በአንድ ሺጆዋ የረጅሙን የክረምት ሌሊት ወገብ ትቆርጣለች። የቆረጠችውንም ጠቅልላ በፀደይ ብርድ ልብስ ሥር ታኖረዋለች። ፍቅረኛዋ የመጣ ሌሊት ትዘረጋዋለች። ከዚህ የበለጠ ሺጆ ተጽፎ ከሆነ እኔ አላነበብኩትም።

ዩን ሶን ዶ (1587–1671) ብዙዎች የሺጆ ቁንጮ የሚሉት ነው። ተደጋግሞ በግዞት ኖሯል። ውኃን፣ ድንጋይን፣ ጥድን፣ ቀርከሃንና ጨረቃን አምስቱ ጓደኞቼ ብሎ ገጥሞላቸዋል። የዓሣ አጥማጆችን ሕይወት በአራቱ ወቅቶች የሚከተሉ 40 ግጥሞችም አሉት። በ1728 ደግሞ ኪም ቾን ቴክ 580 ግጥሞችን በአንድ መድበል ሰበሰበ። ያ ሥራ ባይኖር ብዙው ይጠፋ ነበር።

ሺጆ መጀመሪያ የሚዘፈን ነበር። ግጥሞቹ በመሣሪያ ታጅበው የሚዜሙበት ጋጎክ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቼ ናም ሶንና ዪ ብዮንግ ጊ ግጥሙን ለአዲስ ዘመን አድሰውታል። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ሺጆ ጽፈው የሚወዳደሩበት ዓመታዊ ውድድርም አለ።

በአማርኛ ለሚሞክር ሰው ፊደል መቁጠር አይበቃም፤ ሳድሱ አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። «ቆርቆሮ» አራት ፊደል ነው፣ በጆሮ ግን ሦስት ቀለም ነው። ስለዚህ ጮክ ብሎ እያነበቡ መቁጠር ይሻላል። ለማሳያ የሚሆን አንድ ሙከራ እነሆ፦

ዝናቡ ሌሊት ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
እኔ ደግሞ ዓይኔን ገልጬ ጠብታውን ስቆጥር ነጋ፤
እናቴ፣ የዘራሽው ጤፍ እየጠጣ አደረ።

ስንኞቹ 15፣ 16 እና 15 ቀለም አላቸው። ሁለቱ ስንኞች እንቅልፍ ያጣ ሰው ምሬት ናቸው። «እናቴ» የሚለው መታጠፊያ ሲመጣ ያው ዝናብ በረከት ይሆናል። ለጀማሪ የሚረዳው አንድ ዘዴ ከዚህ መነሳት ነው፦ ባለ 3 ቀለሟን ሐረግ ቀድሞ መምረጥ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለቱን ስንኞች መጻፍ። የጥንቶቹ ሺጆዎች አብዛኞቹ ርዕስ ስለሌላቸው ርዕስ ፍለጋ መቸገር አያስፈልግም።